የዘጠነኛው ቀን ባለቤት

አባቴ በሙያው አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቷል ይላሉ የሚያውቁት ሰዎች። እኔ አንድ ጊዜም አልተሳሳተም ባይ ነኝ፤ ግን ልጁ ስለሆንኩ የኔን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቤታችንም መሥሪያውም ከመቃብሩ በር አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ዛሬም እዚያው ግቢ ነኝ። እሱ በመሮ ይሠራ የነበረውን እኔ በማሽን እሠራለሁ፤ አቧራው ግን ያው ነው። ሳሉንም አውርሶኝ ነው የሄደው። እንዲያው ደክሞኛል፤ ስለደከመኝም ይሆናል ዛሬ ይህን የማወራው።

ሲሠራ የራሱ ወግ ነበረው። እብነ በረዱን ከመንካቱ በፊት የሚቀረጸውን ሁሉ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ከዚያ የሟቹን ቤተሰብ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያስቀምጥና "ያንብቡልኝ" ይላል። ያነባሉ። "አንድ ጊዜ ደግሞ።" እንባው ያልደረቀ ሰው ድገም ሲባል ይናደዳል፤ አባቴ ግን ንቅንቅ አይልም። በላጲስ የማይጠፋ ነገር ነው የምሠራው ይላቸዋል። ሁለቴ ካነበቡ በኋላ ይፈርማሉ፤ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ባለ ረጅም ሚስማር ላይ ይሰካል። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከነዚያ ወረቀቶች ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ "ተወለደ" እና "አረፈ" ከሚሉት ሌላ እምብዛም የማውቀው ቃል አልነበረም፤ አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ ቤታችሁ ደህና ነው ወይ ብላታለች።

ለፍላፊ ልጅ ነበርኩ። አባቴ "ወሬኛዬ" ነበር የሚለኝ። እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ከፈረቃ ስትገባ እጇ በውሃ ተሸብሽቦ፣ እግሯ አብጦ ነው። እኔ የቀኑን ወሬ ሳዘንብባት "እስቲ ምላስሽን ትንሽ አሳርፊው፤ እሱም እንደኔ ይደክመዋል" ትለኝ ነበር።

ሻካራዋ የሞተችው እኔ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ሻካራዋ ያሏት በድምፅዋ ነው። ሶል የሚሉትን ዘፈን ነበር የምትዘፍነው፤ ጉሮሮዋ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል፤ ያንን አሸዋ እያቋረጠ የሚወጣው ግን አንጀት ይበላል። የሰማት ሁሉ ለሱ ብቻ የዘፈነችለት ይመስለው ነበር። ጣጣውም ከዚያ ነው የመጣው፤ ሰው ሁሉ "የኔ ናት" አለ።

ድንጋይዋን የሠራው አባቴ ነው። ከስሟ ሥር ያረፈችበት ቀን አሥራ ዘጠኝ ተብሎ ተቀርጿል። ስለዚህ በየዓመቱ የዚያ ወር አሥራ ዘጠነኛ ቀን ሲደርስ አድናቂዎቿ በሰልፍ ደጃችንን አልፈው ይሄዱ ነበር። ከፊት የሚሄደው ፀጉር አስተካካዩ ነው። የአድናቂዎቿን ማኅበር ያቋቋመው እሱ ነው፤ የሱቁ አራት ግድግዳ በፎቶዋ ስለተለበጠ ደንበኛ ቀና ሲል እሷን፣ ዞር ሲል እሷን ነው የሚያየው። ሰፈሩ ውስጥ ከሱ የበለጠ ደግ ሰው አላውቅም፤ የልጅ ፀጉር ሲቆርጥ ጆሮ እንዳይነካ እስትንፋሱን ይዞ ነው። ከኋላው የአውቶቡስ ሹፌሮች፣ አስተማሪዎች፣ ሻጮች፣ ነፍሰ ጡሮች ሳይቀሩ አበባና ቴፕ ተሸክመው ይከተላሉ። ውሃ ሲጠማቸው እኛ ግቢ ይገባሉ። እናቴ በጣሳ እየቀዳች ትሰጥና ወደ አባቴ ዞራ "ይቺ ሴት ሞታም አታሳርፈን። ከሞተች ሴት ጋር ደግሞ ምን ልፎካከር" ትላለች። አባቴ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ከሰማሁ ደግሞ በቃ።

አባቴ ሻካራዋን ይወዳት ነበር ብዬ ደመደምኩ። ማስረጃ ነበረኝ። ራዲዮ ላይ ዘፈኗ ሲመጣ ቶሎ ብሎ ይዘጋል፤ የማይወዳት ቢሆን ለምን ይዘጋል? ዛሬ ሳስበው እናቴ ከፈረቃ ገብታ ስለምትተኛ ነበር። ሌላው ማስረጃ ግን ጠንካራ ነው። ሰልፉ ሊመጣ አሥር ቀን ሲቀረው፣ በወሩ ዘጠነኛ ቀን፣ እናቴ ሥራ ከሄደች በኋላ አባቴ አቧራውን ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ መሥሪያውን ዘግቶ ይወጣል። ለለቅሶ እንኳን ሸሚዝ የማይቀይር ሰው።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ያ ቀን እኔን ቤት አገኘኝ፤ የትምህርት ቤታችን ጣሪያ አፍስሶ ነበር። ጥሎኝ መሄድ አልቻለም። በሩ ላይ ተንበርክኮ የጫማዬን ክር እያሰረ "ወሬኛዬ፣ ዛሬ የምታይውን ለማንም አትነግሪም። ለእናትሽም ቢሆን" አለኝ። እናቴን ሲጠቅስ ማስረጃዬ ሞላ። እሺ አልኩት።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ አንዲት ቀጭን አሮጊት ከጎን ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ባዶ ባልዲ፣ ሳሙና እና ብሩሽ አጠገባቸው አለ። አባቴ ሰላም ብሏቸው ባልዲውን አነሳ፤ ከቧንቧው ሁለት ጊዜ ቀዳላቸው፤ ከዚያ እጄን ይዞ መንገዱ ላይ ወደሚገኘው ዛፍ ወሰደኝና ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። እኔ ግን ጀርባ ሰጥቼ የምቀመጥ ልጅ አልነበርኩም። አሮጊቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ማጠብ ጀመሩ። ፊደሉን አንድ በአንድ፣ የልጅ ጆሮ ኋላ እንደሚታጠበው። እያጠቡ ያወራሉ፤ ይቆጣሉም። "አሁን ይሄ ምንድን ነው? ማነው ሰም ያንጠባጠበብሽ?" ይላሉ። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጡና አለቀሱ። አንድ ትልቅ ሰው ማንም ያየኛል ሳይል እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ፈራሁ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

ሲጨርሱ ጠሩን። ለኔ ከቦርሳቸው ብስኩት አወጡልኝ። አባቴን ደግሞ ክንዱን ይዘው "ዕድሜ ይስጥህ ልጄ። ዘንድሮም ማንም አልመጣ" አሉት።

"እናቷ ናቸው" አለኝ አባቴ ስንመለስ፣ ገና ሳልጠይቀው።

እኔ ከዚያ ሁሉ ሁለት ነገር ይዤ ገባሁ። አንደኛ፣ "ልጄ" ብለውታል፤ እንግዲያው አባቴና ሻካራዋ በድብቅ ተጋብተው ነበር ማለት ነው፤ የሆነ ቦታ እኔን የሚመስል ወንድም ሳይኖረኝ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ምስኪኗ አሮጊት ብቻቸውን ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ያ ሁሉ ሰው ይመጣል፤ በሳቸው ቀን ግን ዘንድሮም ማንም አልመጣ። እንዲህ ነበር የገባኝ። በጣም አሳዘኑኝ፤ ብስኩቱን ሳልጨርስ ተኛሁ።

እውነቱን አባቴ የነገረኝ ሳሉ አልጋ ላይ ካዋለው በኋላ ነው፤ እኔም ልጅ ወልጄ ነበር። ሻካራዋ ከመድረክ ጠፍታ ሁለት ዓመት ታማ የተኛችው እናቷ ቤት ነው። አድናቂዎቿ ያንን ቤት አገኙት። በክፋት አይደለም፤ መስኮት ሥር ቆመው ይዘፍኑላታል፣ አበባ ይዘው በር ያንኳኳሉ፣ አንዴ ብቻ እንያት ብለው ያለቅሳሉ። እናትየዋ ውሃ ሊያጠጧት ሲሉ በር ይንኳኳል፤ እጇን ይዘው ሊቀመጡ ሲሉ በር ይንኳኳል። በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ስትሞት ለአራት ጎረቤት ብቻ ነገሩ፤ በማግስቱም በጸጥታ ቀበሯት። ራዲዮ ያወራው በአሥራ ዘጠኝ ነው። ሰዉም ያን ቀን የሞተች መሰለው፤ ማንም አላረመም። እናትየዋም ሰፈር ለቀው ሄዱ፤ አድናቂዎቿ ዱካቸውን አጡ።

ድንጋይ ሊያሠሩ አባቴ ጋ ሲመጡ እንደ ወጉ ጽፎ አነበበላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር።

"ከዘጠኙ ፊት አንድ ጨምርበት" አሉት።

"እማማ፣ በዘጠኝ ነው ያረፈችው አላሉኝም?"

"ነው። እነሱ የሰሙት ግን በአሥራ ዘጠኝ ነው። እንደዚያው ጻፍላቸው።" ከዚያ አለቀሱ። "ይወዷታል፤ አልቀናም። ዓመቱን ሙሉ ይውሰዷት። እኔ ስትሞት እንኳን ጠግቤ አላየኋትም። አንዷን ቀን ብቻ ለኔ ይተዉልኝ።"

አባቴ ሦስት ቀን ድንጋዩን ሳይነካ ቆየ። ውሸት ቀርጾ አያውቅም። በአራተኛው ቀን አንድን ከዘጠኝ ፊት ቀረጸና ለማንም ላይናገር ቃል ገባላቸው። ስሙን ነው የሰጣቸው፤ በኛ ሥራ ደግሞ ከስም ሌላ ምንም የለም።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ማኅበሩ መቃብሯን በብረት ሊያሳጥር ፈልጎ ለፈቃድ ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ የቀብር መዝገቡን ገለጠች። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ በቀጥታ እኛ ግቢ መጣ፤ ነጩን የሥራ ልብሱን እንኳን አላወለቀም።

"ባለ መሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ሳይሞት ይቀበራል?"

አባቴ ቀና አለ። "ምን ማለትህ ነው?"

"መዝገቡ በአሥር ተቀበረች ይላል። ያንተ ድንጋይ በአሥራ ዘጠኝ ሞተች ይላል። ታዲያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከነሕይወቷ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች?"

አባቴ የድንጋዩን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። "ተሳስቼ ይሆናል" አለ።

"ይሆናል?"

"ተሳስቻለሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሊቆጣ መጥቶ አለቀሰ። "አምስት ዓመት ሙሉ ባልሞተችበት ቀን አስለቀስከን" አለው። ያን ጊዜ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ አሁን ግን አይመጣም።

ወሬው ሳምንት አልፈጀም። ሰው የአባቱን፣ የእናቱን ድንጋይ ቀን ሊያመሳክር ወረቀት ይዞ መቃብር ገባ። አንድም ስህተት አልተገኘም፤ ይሁንና ያንን ማን ያወራል። ጅምር ሥራ የነበረው አንድ ሰውዬ እብነ በረዱን በጋሪ ጭኖ ታች ሰፈር ማሽን ወዳለው ጠራቢ ወሰደው፤ አባቴ ራሱ ነው ያጫነው። ትምህርት ቤት "አባትሽን ዛሬ ስንት ነው ቢሉት ነገ ይላል" ይሉኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ የመሮ ድምፅ ጠፋ። እናቴ ሁለት ፈረቃ መሥራት ጀመረች።

አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆማ ጠየቀችው። "እውነት ተሳስተህ ነው? አንተ?"

"እጅ ነው። ይስታል።"

"ያንተ እጅ አይስትም። እኔ ሚስትህ ነኝ፤ ለኔ ንገረኝ።"

መሮውን አንስቶ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። እሷም ጫማዋን አወለቀች። ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ ደክሞት ነበር፤ መጣላት እንኳን የሚችል አልነበረም።

እኔ ግን ምክንያቱ የገባኝ መሰለኝ። የተደበቀውን ትዳር እናቴ እንዳትሰማ ነው የሚታገሰው አልኩ። ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፤ የቱ ይሻላል እላለሁ፤ አባቴ ሌላ ሴት የሚወድ ቢሆን ወይስ ሥራ የማይችል? ወዳድ ይሻላል። ሴት መውደድ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እሱን ግን ሥራ አትችልም ሲሉት ትከሻው ወርዷል፤ ሲበላ እንኳን አንገቱን ቀና አያደርግም።

ከዚያ እሑድ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ አምስት የማኅበሩን ሰዎች አስከትሎ ገባ። እናቴም ነበረች። የያዙት የተጻፈ ይቅርታ ነው፤ አባቴ ይፈርምበትና ማኅበርተኛው ፊት ይነበባል። ድንጋዩ ተነቅሎ በሌላ ጠራቢ ይሠራል።

"ጮክ ብለህ አንብብልን። ከዚያ ትፈርማለህ" አሉት።

አባቴ ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀው። "እኔ... በሥራዬ ግዴለሽ በመሆኔ..." ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠርጎ ደግሞ ጀመረ። "ግዴለሽ በመሆኔ..."

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ወደ መሥሪያው ሮጥኩ፤ ወረቀቶቹን ሁሉ ከሚስማሩ መነጨቅኩ፤ ከታች በኩል አገኘሁት። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር በደንብ ተጽፎ፣ ከፊቱ አንዷ በጠባብ ቦታ ተሰንቅራ ገብታለች፤ ከሥሩ የአውራ ጣት ማኅተም አለ። ይዤው ወጣሁና ፀጉር አስተካካዩ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

"እሱ ዘጠኝ ነበር የጻፈው። አንዷ በኋላ ነው የገባችው፤ ያስገቡትም እናቷ ናቸው። ጣታቸው ይኸው።"

"ወረቀቱን ቦታው መልሺ" አለኝ አባቴ። አልጮኸም። ቢጮህ ኖሮ ምናልባት አቆም ነበር።

"በየዓመቱ በዘጠነኛው ቀን ይመጣሉ" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ እኔን ማን ያቆመኛል። "ውሃ የሚቀዳላቸው አባቴ ነው። ድንጋዩን ብቻቸውን ያጥባሉ፤ ብቻቸውን ያለቅሳሉ። ማንም አይመጣላቸውም። አባቴ ሻካራዋን ይወዳት ነበር፤ እናቷም ልጄ ነው የሚሉት።"

ይህን ስል እናቴን ነበር የማያት። ትነሳለች፣ ታብዳለች ብዬ። እናቴ አባቴን ብዙ አየችው፤ ከዚያ የድንጋይ ቁራጭ ላይ ቁጭ አለችና አፏን በእጇ ያዘች። በቅናት ያለቀሰች መሰለኝ። ለካ ሁሉም ነገር ያን ደቂቃ ገብቷታል፤ ከሁላችንም ቀድሞ የገባው ለሷ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ተንበርክኮ ግንባሬን ሳመኝ። "እናቷ በሕይወት አሉ? ብቻቸውን? እኛ እያለን?"

"ተዋቸው" አለው አባቴ። እንዲያ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። "ድንጋዩን ንቀለው። እኔን እንዳሻህ ተናገረኝ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። እሳቸውን ግን ተዋቸው። ቀኗን ፈልገዋት ነው።"

"እንዴት እንተዋቸዋለን? እናታችን እኮ ናቸው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። እንባው እየወረደ ነበር፤ ሰውየው የሚለውን ሁሉ ከልቡ ነው የሚለው።

በዚያ ዓመት ሰልፉ በዘጠነኛው ቀን ሆነ። ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ በለጠ። የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ ድምፅ ማጉያ ዛፉ ላይ ተሰቀለ፤ ያው አባቴና እኔ ጀርባ ሰጥተን የተቀመጥንበት ዛፍ ነው። አሮጊቷን ፀጉር አስተካካዩ በመኪና ሄዶ አመጣቸው። ከፊት አስቀመጧቸው፤ አዲስ ነጠላ አለበሷቸው፤ ሰው ሁሉ እየተሰለፈ ጉልበታቸውን ሳመ። ድንጋዩን ወጣቶች በጠዋት አጥበው አበባ ከምረውበታል፤ ስሟ እንኳን አይታይም ነበር። አሮጊቷ ባልዲያቸውን ይዘው መጥተዋል። ብሩሹና ሳሙናው ውስጡ አለ። እግራቸው ሥር አኑረውት ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ። ከላያቸው ላይ የልጃቸው ድምፅ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ይዘፍናል።

ማይክራፎን ሰጧቸው። "ዕድሜ ይስጣችሁ" አሉና መለሱት። ተጨበጨበ።

እኔም ተጠርቼ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እጄን ወደ ላይ አንስቶ "እውነተኛውን ቀን የነገረችን ይቺ ሕፃን ናት" ሲል ተጨበጨበልኝ። ትምህርት ቤት ሲያሾፉብኝ የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አሮጊቷ በእጃቸው ጠሩኝ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ሮጬ ሄድኩ። ጎንበስ አልኩላቸው።

"ልጄ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆዩት?" አሉኝ በጆሮዬ።

"በሩ እስኪዘጋ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት!" አልኳቸው። ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው አባቴን ይፈልግ ነበር፤ እሱ ግን ከሰዉ ሁሉ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በአሥራ አንድ ሰዓት ዘበኛው ደወል ደወለ፤ በመኪና መለሷቸው።

በማግስቱ አባቴ ቤታቸው ሄዶ በሌላ ቀን ሊወስዳቸው ሞከረ። ሁለት ጊዜ ወሰዳቸው። ግን ፊታቸው ታውቋል፤ ገና በሩን ሲገቡ አንዱ "እናታችን" ብሎ ይጠመጠማል፤ ሌላው ፎቶ ያነሳል። በሦስተኛው "ተወው ልጄ፤ አትድከም፤ እኔም ደክሞኛል" አሉት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በዘጠነኛው ቀን መኪና ሲመጣላቸው ይሄዳሉ፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ይመለሳሉ። ባልዲ መያዝም ተዉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲሞቱ የቀበራቸው ማኅበሩ ነው፤ በድምፅ ማጉያ።

የአባቴ ስም ተመለሰ። እንዲያውም ከድሮው በለጠ፤ የአሮጊት ሚስጥር የጠበቀ ሰው ተብሎ ከሩቅ ሰፈር ድረስ ይመጡለት ነበር። ሥራው በዛ፣ እናቴ ወደ አንድ ፈረቃ ተመለሰች፣ ትራስ ገዛን። አባቴ አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣኝም። ወሬኛዬ ማለቱን ግን ያን ጊዜ ተወ። ለምን እንደተወ ለመጠየቅ ፈርቼ አደግሁ፤ ስጠይቀውም "ልጅ ነበርሽ፤ ምን ታውቂያለሽ" አለኝ። ይቅርታ እንዳደረገልኝ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ለራሴ ያላደረግሁት።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ሰማንያ አልፎታል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሱቁን የልጅ ልጁ ይዞታል። ለዘጠነኛው ቀን ሊጠራኝ ነው፤ በየዓመቱ ራሱ መጥቶ ነው የሚጠራኝ፤ ሰው አይልክም። እኔም በየዓመቱ ሥራ አለብኝ እለዋለሁ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያርፍ ውሃ ሰጠሁት።

"የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው" አለኝ። "ሐኪሙ አልደበቀኝም።"

"እንዲህ አይበሉ ጋሼ።"

"እኔ ለሞቱ ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እናታችን... ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር አይደል? ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዝም ይሉ ነበር። ሳስበው ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ፤ በጆሮሽ ነግረውሻል፤ አይቻለሁ። ምን ነበር ያሉሽ?"

አባቴ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ለዚህ ሰው እውነቱን እነግረዋለሁ እያልኩ ኖሬያለሁ። ስንት ጊዜ በልቤ ተለማምጄዋለሁ፤ ከነቁጣው። አንዷን ቀን ብቻ ነበር የፈለጉት፤ እሷንም ወሰድንባቸው፤ እኔና አንተ ልለው። አሁን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ያየኛል። ውሃው ሸሚዙ ላይ ይፈሳል፤ አላወቀውም።

"ደስ ብሏቸው ነበር" አልኩት።

"ምን አሉሽ?"

"'ለካ ብቻዬን አይደለሁም' አሉኝ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠና አለቀሰ፤ ብዙ አለቀሰ። አመነኝ። እውነተኛውን ቀን የነገርኩት እኔ ነኛ።